ለፍላሽ 3 ወይስ 4? ስለ ትሪ ካርድ ፖከር ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ እነዳለሁ። ከሥራ ስወጣ አልፎ አልፎ ትሪ ካርድ ፖከር እጫወታለሁ። አንቴ 15 ዶላር፣ ፔር ፕላስ 15 ዶላር አስይዛለሁ። የባለቤቴ ወንድም ‹ዲለሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ አንድም ካርታ አትጣል› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኩዊን ከሌለህ ጣል› ይላል። አንዱ ካዚኖ ፔር ፕላስ ላይ ለፍላሽ (ሦስቱም ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ሲሆኑ) በአንድ ዶላር 4 ይከፍላል፣ ሌላው 3፤ ይህን ያህል ለውጥ አለው? ሲበሉኝ እጥፍ እያደረግሁ ብሄድስ? ባለፈው ደግሞ አንድ ዲለር ‹ዛሬ ጠረጴዛው ሞቋል› አለኝ። እውነት እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ?»

ወንድሜ፣ 11 ዓመት ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ቆሜ ካርታ ሳድል ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ትቼዋለሁ። ጥያቄህን ሳነብ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። አንድ ደንበኛ ኩዊን፣ 5 እና 3 ደረሰውና ተጨነቀ። ካርታውን ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሌሎቹ ተጫዋቾች እሱን እየጠበቁ ነው። በመጨረሻ ተነፈሰና ጣለው። ልክ ነው፣ መጣል ነበረበት። ግን ያ ሁሉ ጭንቀት ያተረፈለት ሳንቲም ነው። እዚያው ፊቱ ፔር ፕላስ ላይ 25 ዶላር፣ ሲክስ ካርድ ቦነስ በሚባል ተጨማሪ ውርርድ ላይ ሌላ 25 ዶላር ነበረው። እነሱን ሲያስቀምጥ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

እዚህ ጨዋታ ላይ ሰው የሚጨነቅበት ቦታና ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ለየቅል ናቸው። የካርታው ውሳኔ በአንድ ደቂቃ የሚጠና ነገር ነው። ገንዘብህን የሚበላው ጨርቁ ላይ የታተመው የክፍያ ሠንጠረዥ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚያነበው ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንተ 3ቷንና 4ቷን ማየትህ ራሱ ከብዙዎቹ ያስቀድምሃል።

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ሕጉን ላስቀምጥ። አንቴ (ካርታ ከመታደሉ በፊት የሚቀመጠውን ውርርድ) ታስይዛለህ። ላንተም፣ ቤቱን ወክሎ ለሚያድለው ለዲለሩም ሦስት ሦስት ካርታ ይታደላል። ያንተን አይተህ ወይ ትጥላለህ፣ አንቴውም ይሄዳል፤ ወይ የአንቴውን ያህል ሌላ ገንዘብ «ፕሌይ» ላይ ትጨምራለህ። ዲለሩ ቢያንስ ኩዊን ወይም ከዚያ የሚበልጥ እጅ ከሌለው ኳሊፋይ አላደረገም (ለመወዳደር አልበቃም) ይባላል፤ አንቴህ አንድ ለአንድ ይከፈላል፣ ፕሌይህ ሳይነካ ይመለሳል። ኳሊፋይ ካደረገ ካርታ ለካርታ ትተያያላችሁ። ካሸነፍክ ሁለቱም ይከፈሉሃል፣ ከተሸነፍክ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ እኩል ከሆናችሁ ሁለቱም ይመለሳሉ። ፔር ፕላስ ለብቻው ነው። እሱ ዲለሩን አያውቀውም፤ አንተ ፔር (ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ) ወይም ከዚያ በላይ ከያዝክ ይከፍላል፣ ካልያዝክ ይበላል።

በነገራችን ላይ ጨዋታውን የፈጠረው ዴሪክ ዌብ የሚባል እንግሊዛዊ ፖከር ተጫዋች ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። መነሻው እንግሊዞች በሦስት ካርታ የሚጫወቱት ብራግ ነው። ሰውዬው በኋላ ምን አደረገ መሰለህ? ካገኘው ገንዘብ እየመዠረጠ እንግሊዝ አገር በየውርርድ ቤቱ የተተከሉትን ማሽኖች የሚቃወም ዘመቻ ደገፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእነዚያ ማሽኖች የአንድ ጊዜ ውርርድ ጣሪያ ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ ወረደ። ሁሌ ይገርመኛል።

ወደ ባለቤትህ ወንድም እንምጣ። የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ዲለሩ ኳሊፋይ የማያደርገው ከ100 ጊዜ ወደ 30 ጊዜ ያህል ነው። ይህ ትንሽ አይደለም። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልሄደበትም። በጃክ የሚጀምር እዚህ ግባ የማይባል ካርታ 1,000 ጊዜ ደረሰህ እንበል፤ አንቴውን 1 ዶላር አድርገው። ሁሉንም ከተጫወትክ በ304ቱ ገደማ ዲለሩ ኳሊፋይ አያደርግም፤ 304 ዶላር ትበላለህ። በቀሩት 696 ዲለሩ ቢያንስ ኩዊን አለው፤ ያንተ ጃክ ደግሞ ኩዊንን አይረታም። ስለዚህ በእያንዳንዱ 2 ዶላር ይሄዳል፤ 1,392 ዶላር። ሲጣጣ 1,088 ዶላር ከስረሃል። ሁሉንም ብትጥል ኖሮ የምትከስረው 1,000 ነበር። መጣሉ ይረክሳል ማለት ነው።

ኩዊን ላይ ስትደርስ ሒሳቡ መገልበጥ ይጀምራል። ምክንያቱም ዲለሩም ኩዊን ይዞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ካርታ የምትረታው ጊዜ አለ። ድንበሩ ኩዊን፣ 6 እና 4 ነው። ከዚህ ጀምሮ ተጫወት፣ ከዚህ በታች ጣል። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ አድርገህ ያዘው፦ ፔር ወይም ከዚያ በላይ፣ ኤስ ወይም ኪንግ ካለህ ሳታስብ ተጫወት። ትልቁ ካርታህ ኩዊን ከሆነ ሁለተኛውን እይ። 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛውን ማየት አያስፈልግህም፤ ተጫወት። 6 ከሆነ ሦስተኛው 4 ወይም 5 መሆን አለበት። ሁለተኛው 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጣል። አለቀ። ይህን የያዘ ሰው ከዚህ በላይ የሚማረው ስልት የለም። ከመቶ 33 ያህሉን ትጥላለህ፣ ቀሪውን ትጫወታለህ።

አሁን ዋጋው። ካስያዝከው አንቴ ላይ በአማካይ ለቤቱ የሚቀረውን «የቤቱ ድርሻ» እንበለው። በዚህ ስልት ከሄድክ የቤቱ ድርሻ 3.37 በመቶ ነው። በጓደኛህ ከሄድክ፣ ማለትም ማንኛውንም ኩዊን ከተጫወትክ፣ 3.45 በመቶ። በባለቤትህ ወንድም ከሄድክ 7.65 በመቶ። አንተ በምትጫወትበት በ15 ዶላር፣ በሰዓት 50 እጅ ይታደላል ብለን ብናሰላው፣ በትክክለኛው ስልት በሰዓት 25 ዶላር ገደማ ይሄዳል። በጓደኛህ ምክር የምትጨምረው 60 ሳንቲም ነው። በዘመድህ ምክር ግን 57 ዶላር ይሆናል።

አየህ? ያ ደንበኛ ጣሪያ ጣሪያ ያየባት ውሳኔ በሰዓት ከእነዚያ 60 ሳንቲሞች ላይ የተቆረሰች ናት። ባለቤትህን ሳታስቀይም ወንድሟን በዘዴ እለፈው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። አንቴ ቦነስ የሚባል አለ። ስትሬት (ሦስት ተከታታይ ካርታ)፣ ትሪፕስ (ሦስት አንድ ዓይነት) ወይም ስትሬት ፍላሽ (ተከታታይም፣ አንድ ምልክትም) ከያዝክ ዲለሩ ቢረታህም እንኳ ይከፈልሃል። የተለመደው ለስትሬት 1፣ ለትሪፕስ 4፣ ለስትሬት ፍላሽ 5 ነው። 3.37 ያልኩህ በዚህ ነው። 1፣ 3 እና 4 የሚከፍል ጠረጴዛ ካየህ ድርሻው ወደ 3.83 ከፍ ብሏል። የከፋ አይደለም፣ ግን ሠንጠረዡን አንብብ ያልኩህ እንዲህ ያለውንም ነው።

እና ዋናው ጥያቄህ፣ 3 ወይስ 4። ይኼን ረጋ ብለን እናስላው፤ ለማንም ብትነግረው በቀላሉ አያምንህም።

ከ52 ካርታ ሦስት ሦስት እያደረግህ ብታወጣ 22,100 የተለያየ እጅ ይገኛል። እያንዳንዷ እጅ አንድ አንድ ጊዜ ታደለችህ፣ በእያንዳንዷም ፔር ፕላስ ላይ 1 ዶላር አስያዝክ እንበል። ከ22,100 ውስጥ 16,440ዎቹ ምንም የላቸውም። እዚያ ላይ 16,440 ዶላር ተበላህ። 3,744 ጊዜ ፔር ታገኛለህ፣ አንድ አንድ ዶላር። 1,096 ጊዜ ፍላሽ፣ አራት አራት ዶላር፣ 4,384። 720 ጊዜ ስትሬት፣ ስድስት ስድስት፣ 4,320። 52 ጊዜ ትሪፕስ፣ ሠላሳ ሠላሳ፣ 1,560። 48 ጊዜ ስትሬት ፍላሽ፣ አርባ አርባ፣ 1,920። የበላኸው ሲደመር 15,928 ዶላር ነው። ከ16,440 ላይ ስታነሳው የከሰርከው 512 ዶላር ብቻ ነው። ድርሻው 2.32 በመቶ። ከአንቴውም የሚሻል ውርርድ ነው።

አሁን ያችን 4 አጥፋና 3 ጻፍ። ሌላ ምንም አትንካ። ፍላሽ 1,096 ጊዜ ይመጣል ብለናል፤ በእያንዳንዱ አንድ ዶላር ቀነሱብህ። ኪሳራህ ከ512 ወደ 1,608 ዘለለ። 7.28 በመቶ። ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በአንዲት ቁጥር።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ስትሬት ፍላሽ 48 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ክፍያውን ከ40 ወደ 50 ቢያሳድጉልህ የምታገኘው 480 ዶላር ነው፤ ፍላሽ ላይ ከወሰዱብህ ከግማሽ በታች። ዓይን ግን 50ው ላይ ነው የሚያርፈው። ሥራ ላይ እያለሁ ስንት ሰው «እዚህ እኮ 50 ነው!» ብሎ በደስታ ቁጭ ሲል አይቻለሁ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አንብበው፦ ፔር፣ ፍላሽ፣ ስትሬት። ላይኛው ጌጥ ነው።

(ፍላሽን ስትሬት መርታቱ ለምን እንደሆነ የሚጠይቁኝ ነበሩ፤ በአምስት ካርታ ፖከር ተቃራኒው ነውና። መልሱ ከላይ አለ፦ በሦስት ካርታ ስትሬት 720 ጊዜ ነው፣ ፍላሽ 1,096። የሚረታው ብርቁ ነው።)

እንግዲህ ላንተ ኪስ ይኼ ምን ማለት ነው? ፔር ፕላስ ላይ 15 ዶላር፣ በሰዓት 50 እጅ። 4 የሚከፍለው ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 17 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ። 3 የሚከፍለው ላይ 55 ገደማ። አንቴውን ጨምረህ፣ በመጀመሪያው ጠረጴዛ በሰዓት 43 ዶላር ያህል፣ በሁለተኛው 80። አራት ሰዓት ከተቀመጥክ ልዩነቱ 150 ዶላር ይደርሳል። ይኼ ስንት ጉዞ ከኤርፖርት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።

ምክሬ፦ 4 የሚከፍለው ቤት በመንገድህ ከሆነ እዚያ ተጫወት። 3 ብቻ ካለ ፔር ፕላሱን ተወውና አንቴውን ብቻ ተጫወት። ሁለቱን አብረህ አስይዝ የሚል ጠረጴዛ አንዳንዴ አለ፤ እሱ ላይ አትቀመጥ። ሲክስ ካርድ ቦነስ የሚባለው፣ ያንተን ሦስትና የዲለሩን ሦስት ደምሮ የሚያየው፣ አከፋፈሉ ከቤት ቤት ይለያያል። እኔ ራሴ አላስይዝበትም።

«እኔ ግን 300 ዶላር ብቻ ነው የምቀይረው፣ 3 በመቶው 9 ዶላር አይደል?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ድርሻው የሚሰላው በቀየርከው ላይ ሳይሆን ባስያዝከው ላይ ነው። አንቴ 15፣ ፕሌይ የምትጥላቸውን እጆች አስልተህ በአማካይ 10፣ ፔር ፕላስ 15። በአንድ እጅ 40 ዶላር። በ50 እጅ 2,000 ዶላር በሰዓት! ያው 300 ዶላርህ ናት፤ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። በሄደች ቁጥር ትንሽ ይቆረስላታል። ለዚህ ነው ዝግ ያለ ጠረጴዛ የምመክረው። ሰው የሞላበት፣ የሚያወራበት፣ ዲለሩ የሚዘገይበት። ብቻህን ከተቀመጥክ በሰዓት የሚታደለው እጅ በብዙ ይጨምራል፤ ሒሳቡም አብሮ።

እጥፍ ማድረጉን በአጭሩ ልመልስልህ፤ አታድርገው። ፔር ፕላስ ከ100 ጊዜ 74 ጊዜ ይበላል። ስድስት ጊዜ ተከታትሎ መበላት ከስድስት አንድ ጊዜ ያህል የሚያጋጥም ነው፤ ምንም ተአምር የለውም። ከ15 ጀምረህ እጥፍ እያደረግህ ስድስት ጊዜ ከተበላህ 945 ዶላር ወጥቷል፤ ሰባተኛው ላይ 960 ማስያዝ ይጠበቅብሃል። ለምን? መጀመሪያ ላይ የነበረችውን 15 ዶላር ለማግኘት። እሱም ጠረጴዛው ከፈቀደልህ ነው፤ የውርርድ ጣሪያ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። አንድ ሰው በዚህ ዘዴ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ 200፣ 200 ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። በአራተኛው ሌሊት ሙልጭ ብሎ ወጣ። ካርታው ደግሞ በየእጁ እንደ አዲስ በማሽን ይበወዛል። የተበላኸውን አያስታውስም፣ አይክስህም።

አሁን ስለ ዲለሮች። የሚያውቁት ነገር አለ ወይ አልክ። ዲለሩ የራሱን ካርታ ሳይገልጥ አያውቀውም፤ ቢያውቅም የሚወስነው ነገር የለም። አገር ቤት ኮንከር ስንጫወት የተቃራኒን ፊት እናነብ እንደነበረው እዚህ ፊት ማንበብ ዋጋ የለውም። ብዙ አበሻ ልጆች ይህን ሥራ ስለሚሠሩ «የኛው ልጅ ምልክት ይሰጠኛል» ብሎ የሚጠብቅ አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ከራሱ በላይ ካሜራ አለ። ልጁን ሥራ ማስፈታት ነው ትርፉ።

ቢሆንም አንድ እውነት አለ፤ ስለምታውቀኝ አልደብቅህም። ማሽኑ ሦስቱን ካርታ አንድ ላይ ይተፋል፤ ዲለሩ አንስቶ ወደ ቦታው ያንሸራትተዋል። ጀማሪ ከሆነ አንዳንዴ እጁን ከፍ ያደርግና የታችኛዋ ካርታ ለጫፍ ወንበር ትታያለች። ከዲለሩ ካርታ አንዷን ሁልጊዜ ማየት የቻለ ተጫዋች ሒሳቡ ይገለበጥለታል፤ ወደ 3.5 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ የእሱ ይሆናል። በዚህ ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ቤቱን የሚቀድምበት መንገድ ብዬ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሥልጠና ላይ ሱፐርቫይዘራችን «እጅ ወደ ታች! ወደ ታች!» እያለ የሚጮኽብን። እንዲህ ያለ ዲለር ፍለጋ ከተማውን የሚያካልሉ ሰዎች አሉ፤ ሙሉ ሥራቸው ነው። ዓመት ሙሉ ፈልገው የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ ያገኙትም ቤቱ ሲነቃ ያልቃል። ከታክሲህ አይሻልም። በስልክ ወይም በካሜራ ልሞክር እንዳትል ግን፤ በኔቫዳ ሕግ መሣሪያ መጠቀም እስር ቤት ያስገባል።

«ጠረጴዛው ሞቋል» ያለህ ዲለርስ? እኔም ብዬዋለሁ፤ ስንቴ! ከፊቴ ያለው ሰው ሁለት ፍላሽ ተከታትሎ ሲመጣለት፣ ፊቱ ሲፈካ፣ ጎንበስ ብዬ «ዛሬ ሞቋል ጌታዬ» እለዋለሁ። የሰዓት ደመወዛችን የምታሳፍር ነበረች፤ የምንኖረው በጉርሻ ነው። ሞቋል ያልኩት ሰው ደግሞ ቺፕ ሳይወረውርልኝ የሄደበት ቀን ትዝ አይለኝም።